ቀለሙ አልለቅ ያለው ሰው

የትናየት ኢያቄምን የወደደችው ገና ሳይናገር ነው።

በ2000 ዓ.ም. ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ ላሊበላ መጡ። የፊልማቸው ታሪክ ያስፈራል፤ ድሮ፣ ፊልም ድምፅ ባልነበረው ዘመን፣ አንድ ፈረንጅ ዝነኛ ፊልሙን ሲሠራ እውነተኛ ጋኔን ያስተውናል። ለጋኔኑ የሚከፍለው ደግሞ መሪ ተዋናይቷን ራሷን ነው። ጋኔኑን የሚጫወተው ኢያቄም ነበር። ዳይሬክተሩ ምሥጋናው ያረፉበትን ሆቴል እንግዳ ተቀባይ የትናየትን አየና «ዓይኗ ይናገራል» ብሎ የተዋናይቷን ቦታ ሰጣት።

ኢያቄም የጋኔኑን ነጭ ቀለም ከተቀባ ቃል አይተነፍስም፤ የአተዋወን ልማዱ ነው። አመሻሽ ላይ ግን ታጥቦ ይመጣና ከሆቴሉ ጓሮ አጠገቧ ይቀመጣል።

«ዛሬም አስፈራሁሽ?»

«አንተን ብሎ አስፈሪ። እጅህ ሲንቀጠቀጥ ነበር።»

«አንገትሽ ጋ ስደርስ ነዋ።»

ይስቃሉ። ኋላ ግን ነገሩ መልኩን ለወጠ። ቀለሙ ከጆሮው ሥር አልለቅ አለ። ምግብ አስጠላው። ታጥቦም ዝም ማለት ጀመረ፤ አንገቷን ብቻ ያያል። ፈራችው፤ ደግሞም ትወደዋለች፤ ምን ታድርግ?

እናቷ ወይዘሮ ሸጌ ወሬው ደርሷቸው ጠሯት።

«ልጄ፣ ያስለቅሱሽ፣ ያስጩኹሽ፤ እንጀራሽ ነው። ክርስትና ስትነሺ የታሰረልሽን ማተብ ግን እንዳትፈቺ። ብትፈቺም ለሰው እጅ አትስጪ።»

የመጨረሻው ቀረጻ ከከተማው ዳር ካለ ገደል አፋፍ ላይ ነበር። ጉም ወርዷል።

«የምትጫወቻት ፈረንጅ አንገቷ ባዶ መሆን አለበት» አለ ምሥጋናው። «ማተቡን አውልቂው።»

«አይሆንም፣ ጋሽ ምሥጋናው።»

ኢያቄም ቀለም የተለቀለቀ መዳፉን ዘረጋላት። ዓይኑ «አታምኚኝም?» ይላል። አመነችው። ፈትታ ሰጠችው።

ካሜራው መቅረጽ ጀመረ። ኢያቄም ወደ አንገቷ ጎነበሰ፤ ትንፋሹ ይቀዘቅዛል።

«በቃ» አለ ምሥጋናው።

አልተዋትም። ጣቶቹ ጉሮሮዋ ላይ ጠበቁ።

«ኢያቄም፣ በቃ ተብለሃል!»

መጮህ አቃታት። በሌላው እጁ ጨምድዶ የያዘው ማተብ ተንጠልጥሎ ጉንጯን ነካት። ያኔ እሱም አየው። ጣቶቹ ላሉ፤ የምታውቀው ዓይኑ ተመለሰ። ማተቡን አሰረላት፣ ጆሮዋ ሥር የሆነ ነገር አላትና ጉሙ ውስጥ ገባ። እስከ ጋሸና ድረስ ተፈለገ፤ አየሁት ያለ የለም።

ፊልሙ ወልድያ ሲታይ የትናየት ከኋላ ወንበር ተቀመጠች። ምሥጋናው ያንን ትዕይንት አልጣለውም። እንደ ድሮው ፊልም ድምፅ የለውም፤ ጋኔኑ ማተብ ሲያስር፣ ከንፈሩም ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል።

«እየረገማት ነው» አለች አጠገቧ የተቀመጠች ልጅ።

የትናየት እሱ የቋጠረውን፣ ከዚያ ወዲህ ያልፈታችውን ማተብ ያዘች። ያን ቀን የሰማችው እሷ ብቻ ናት።

«እወድሻለሁ» ነበር ያላት። «አሁን ከኔ ሽሺ።»