ዲስክ የሌለው ሳጥን የጠራው ስም

የምነግራችሁ ተረት አይደለም። ከሰው አፍ ተቀብዬም አይደለም። በራሴ ቤት፣ በራሴ ዓይን ያየሁት ነው።

ዛሬ ነው የሆነው። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ። መካነ ኢየሱስ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለችው ቤቴ።

ቸኩዬ ስለምጽፍ ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምሬአለሁ፤ ማንበቡም መጻፉም አያቅተኝም። ስልክ ላይ መጻፍ ያስተማረችኝ የልጅ ልጄ ህይወት ናት። ይህን ቻናል የከፈተችልኝም እሷው ናት። "እናና፣ አስፈሪ ታሪክ ያነቡና ከዚያ እኔን በሩን ዝጊ ይላሉ" እያለች ትስቅብኝ ነበር።

የምጽፈው ስለ እሷ ነው።

ህይወት ከእኔ በቀር ሰው የላትም። እኔም ከእሷ በቀር የለኝም። እናቷ አዜብ፣ የማሕፀኔ ልጅ፣ ዓምና በሕመም ተለየችን።

አዜብ አልጋ ላይ ሳለች ለልጇ ድምፅዋን ቀድታ ነበር። ምክር አለበት፣ ቀልድ አለበት፣ በመሃል ሳል አለበት። ድምፁ ያለው ኮምፒውተሩ ውስጥ ብቻ ነው። ህይወት እሱን ሳትሰማ ውላ አታውቅም።

ከትናንት በስቲያ መብራት ሄዶ ሲመለስ... ኮምፒውተሩ አልነሳ አለ።

ስክሪኑ ጥቁር። ከላይ ነጭ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ።

"ምን ይላል?" አልኳት።

"የምነሳበትን ዲስክ አላገኘሁም ይላል።"

"የት ሄዶበት?"

"እኔ ምን አውቄ እናና!"

አጥፍታ አበራችው። ያው ነው። ገመዱን ነቅላ ሰካችው። ያው ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመሰችም። የኮምፒውተሩ ሳጥን አጠገብ እንደ ሐዘንተኛ ኩርምት ብላ ዋለች።

አንጀቴ አልችል አለ። ዛሬ ጠዋት አለበልን ጠራሁት። ሰፈራችን ውስጥ ስልክና ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ነው። ገና ከመግባቱ ቀልዱን ጀመረ።

"አንቱ እማማ፣ ጠበል ረጩበት እንዴ?"

"አፍህን ያዝና ሥራህን ሥራ!"

ሳጥኑን ፈታ። አቧራውን አራገፈ። ዲስኩን የሚያገናኘውን ቀጭን ገመድ በሌላ ለወጠ። ከዚያ አበራውና አንድ ሰማያዊ ገጽ አወጣ። ሁሉም እንግሊዝኛ ነው።

"አዩት? እዚህ ጋ የዲስኩ ስም መውጣት ነበረበት። ባዶ ነው። ማሽኑ ጭራሽ አላወቀውም።"

ጆሮውን ወደ ሳጥኑ አስጠጋ። እኔም አስጠጋሁ።

ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ...

"ዲስኩ ነው" አለ። አሁን ፊቱ ላይ ቀልድ የለም። "ታሟል። ሱቅ ወስጄ በእኔ ማሽን ልሞክረው።"

ህይወት ክንዱን ያዘችው። "የእማዬ ድምፅ ይጠፋል?"

"እሞክራለሁ እህቴ። ቃል ግን አልገባልሽም።"

ዲስኩን ፈትቶ በጨርቅ ጠቀለለው። የመብራቱን ማከፋፈያ ከግድግዳው ነቅሎ ወለሉ ላይ ተወው። ሳጥኑ ባዶ ቆርቆሮ ሆኖ ቀረ።

ህይወት አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ተኛች። እኔ ሰፌዱን ጭኔ ላይ አድርጌ ምስር መልቀም ጀመርኩ።

ስድስት ሰዓት ሆነ። ፀሐይዋ አናት ላይ ቆመች። ጓሮ ሲጭሩ የነበሩት ዶሮዎች ዝም አሉ። የመናኸሪያው ጥሩምባ፣ የረዳቶቹ ጩኸት... ሁሉም ዝም አለ።

ያን ጊዜ ሰማሁት።

ቀጭ...

ጆሮዬ ነው ብዬ ተውኩት።

ቀጭ... ቀጭ...

ከሳጥኑ ነው። ዲስኩ ከወጣለት ሳጥን!

ቀስ ብዬ ተጠጋሁ። እጄን ብጭንበት ይሞቃል። እንደ ቆርቆሮ አይደለም... ትኩሳት እንደያዘው ሰው ገላ ነው። ማከፋፈያውን አየሁ። እዚያው ወለሉ ላይ ነው። አልተሰካም።

ስክሪኑ በራ።

ያ ሰማያዊ ገጽ ነው። ያው እንግሊዝኛ። አለበል "ባዶ ነው" ያለው ቦታ ግን ባዶ አይደለም።

አነበብኩት።

ልብ በሉ... እኔ እንግሊዝኛ አላነብም። ያነበብኩት በራሳችን ፊደል ስለተጻፈ ነው።

የህይወት የክርስትና ስም ነበር።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። የክርስትና ስም ለማንም እንደማይሰጥ ታውቃላችሁ፤ ክፉ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚፈልገው እሱን ነው። የእሷን የምናውቀው እኔ፣ ራሷ፣ የነፍስ አባታችን አባ ወልደ ገብርኤል... እና የሞተችው እናቷ ብቻ ነን።

አለበል ጋ ደወልኩ። በሹክሹክታ ነው የማወራው።

"ዲስኩን መልሰህ ከተኸዋል?"

"ኧረ እማማ፣ እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እኔም ጋ አልነሳ ብሏል።"

"ስም ወጥቷል። በአማርኛ።"

"እማማ... ያ ገጽ የአማርኛ ፊደል የለውም።"

"አየሁት እኮ ነው የምልህ!"

"መብራቱንስ ነቅዬው አልነበር?... እማማ፣ ልጅቷን ይዘው ይውጡ።"

ስልኩ ተቋረጠ።

ዞር ስል ህይወት ከኋላዬ ቆማለች። ስክሪኑን እያየች ታለቅሳለች። ደግሞም ትስቃለች።

"እማዬ ናት" አለች።

"አይደለችም።"

"ስሜን ሌላ ማን ያውቃል?"

"ልጄ... እናትሽ በቀትር አትመጣም።"

ከስሙ በታች አንዲት የእንግሊዝኛ መስመር ነበረች። በጣቴ አሳየኋት።

"ይችስ ምን ትላለች?"

"ለመቀጠል አንድ ቁልፍ ይንኩ።"

እጇ ወደ ቁልፎቹ ሄደ። ለቀም አድርጌ ያዝኳት።

ከተማ ያደጋችሁ አታውቁት ይሆናል። እኛ እስቴ ውስጥ፣ ስማዳም ጋይንትም ብትሄዱ፣ በቀትር ጠሪው ሳይታይ ስም ከተጠራ አቤት አይባልም። የመለሰ ሰው እጁን ሰጠ ማለት ነው። ታዲያ ይህን ቁልፍ መንካት መመለስ ካልሆነ ምንድን ነው?

"ይልቀቁኝ እናና!"

"አትመልሺለት! በወለደችሽ!"

"ድምፁ ሊጠፋብኝ ነው! ስንት ቀን ሙሉ ስጠብቃት..."

"በወለደችሽ እያልኩሽ!"

"ልቀቂኝ!"

አንቺ ብላኝ አታውቅም። በክርኗ ገፋችኝ። ምስሩ ከነሰፌዱ ተደፋ። ጣቷ ቁልፉ ላይ ሊያርፍ ጋት ያህል ሲቀረው...

ቀደምኳት።

መዳፌን እንዳለ ቁልፎቹ ላይ ጣልኩት። በእሷ ፋንታ፣ አፌን ሞልቼ፣ "አቤት!" አልኩ። ከፈለገ እኔን ይውሰድ ብዬ ነው። እኔ ዕድሜ ጠግቤያለሁ። እሷ ገና ምን አየች?

ስክሪኑ ጠፋ። ቀጭ ቀጭታውም ቆመ።

ምንም አልሆነም።

የህይወት ስልክ ጮኸ። አለበል ነው፤ እየጮኸ ስለሆነ እኔም ጋ ይሰማል። "ተነሳ! ዲስኩ አሁን ተነሳ! የእናትሽ ድምፅ አለ፣ ነይ ስሚ!"

ጉልበቴ ላይ ወድቃ ሳመችኝ። "ይቅር ይበሉኝ እናና፣ ይቅር ይበሉኝ" አለችና እየሮጠች ወጣች። ጫማ እንኳ አላደረገችም። "ጫማሽን!" ልላት አፌን ከፈትኩ...

ድምፅ አልወጣም።

ውሃ ጠጣሁ። ጉሮሮዬን አሸሁ። ልጮህ ሞከርኩ። የሚወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው።

ድንጋጤ ነው፣ ይመለሳል ብዬ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ።

ብዙም ሳትቆይ ከአጥሩ ውጭ ሰማኋት። ደስታው ከድምፅዋ ይፈሳል።

"እናና! እናና ተገኘ! ሁሉም አለ!"

መልስ ተሰጣት።

የመለስኩት እኔ አይደለሁም። ከኋላዬ ነው። ማንም ከሌለበት ከጓዳው።

"እሰይ የእኔ ዓለም! ነይ ግቢ!"

የእኔ ድምፅ ነው። ያው ሻካራው፣ ያው መጨረሻው ላይ የሚቆራረጠው።

ህይወት ደጃፉ ላይ ደረሰች። እጇን ያዝኩ። በሁለት እጄ ያዝኩ። ራሴን እየነቀነቅሁ፣ በዓይኔ እየለመንኩ... አትግቢ፣ አትግቢ።

ትክ ብላ አየችኝ። ፈገግ አለች። ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ፈገግታ ነው።

"ምነው እማማ፣ ማንን ፈልገው ነው?"

አጥብቄ ያዝኳት።

"እሺ፣ ይቀመጡ። እናናን ልጥራልዎት።"

እጇን ከእጄ ቀስ አድርጋ አላቀቀች። ገባች። የጓዳው በር ተዘጋ።

ብገፋው አይከፈትም። ጎረቤቴ ውባለም ጋ ሮጬ ቀሚሷን ጎተትኩ። ልጆቻችንን አብረን ያሳደግን ሰዎች ነን። "ምን ልርዳዎት እማማ? ከየት መጡ?" አለችኝ።

ተመልሼ ደጃፉ ላይ ተቀምጫለሁ። ይህን የምጽፍላችሁ ከዚሁ ሆኜ ነው። መናኸሪያው አካባቢ ያላችሁ፣ እባካችሁ አባ ወልደ ገብርኤልን ጥሩልኝ። ህይወትን አውጡልኝ። ስለ እኔ ግድ የለም፣ እሷን ብቻ።

ጓዳው ውስጥ እየተጨዋወቱ ነው። ይስቃሉ።

አንደኛዋ ህይወት ናት።

ሌላዋ... እኔ ነኝ።