በሰማይ ብረት ላይ የተመታ ምልክት

ሲፕሪያናን ስምንት ዓመት ያንገበገባት የባሏ መሞት አልነበረም፤ ሰው ይሞታል። ያንገበገባት ሌባ ተብሎ መሞቱ ነበር። ባሏ፣ ብረት ቀጥቃጩ አናስታሲዮ፣ እንደ መንደራቸው እንደ ሺኪፒልኮ ልማድ፣ ዝናብ ሸለቆውን ባጠበ ማግስት ከበቆሎ ማሳ ብረት ለቅሞ ማረሻ ሲያወጣ፣ ከባላባቱ ግቢ ማረሻ ጠፋ ተባለ፤ ከወናፉ ፊት ያዙት። ከማሳ የለቀምሁት፣ ከሰማይ የወደቀ ብረት ነው ቢል፣ ዳኛው ብረት ሁሉ አንድ ነው ብሎ አሰረው፤ በእስር ቤት ንዳድ ገደለው፤ ያላለቀውም ማረሻ ለማስረጃ ከችሎቱ ግድግዳ ተሰቀለ። እርሷ ፍርዱ እንዲነሣ በየዓመቱ ደጅ ጠናች፤ ገበያ ስትወጣ «የሌባው ሚስት መጣች፤ ማረሻችሁን ደብቁ» ይሏት ነበር።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1856 ዓ.ም. በሰኔ ወር፣ ዶን ገርሃርት የተባለ ጀርመናዊ የሰማይ ብረት ሰብሳቢ መጣ። ከመንደሩ ሰዎች የገዛውን ብረት በመጋዝ ቆርጦ፣ አለስልሶ፣ አሲድ የሚሉትን የሚፋጅ ውሃ ሲያፈስበት እንደ ሰሌን የተጠላለፈ መስመር ብቅ አለ። ይህ በምድር እቶን እንደማይገኝ፣ ብረቱ ከምድር ውጭ እጅግ ቀስ እያለ ሲቀዘቅዝ እንደተሠራ አስረዳ። ሲፕሪያና ክንዱን ይዛ እየጎተተች ችሎት ወሰደችው።

ጀርመናዊው የማረሻውን ምላስ፣ ቀጭኑን ስለት፣ ሞረደው፤ ውሃውን አፈሰሰበት። ምንም የለም። እሳት መስመሩን እንደሚያጠፋ፣ የባሏ መዶሻ ራሱ ምስክሩን እንደገደለበት አንገቱን ደፍቶ ነገራት።

ዳኛው ሳቀ። «ሰማዩም ካደሽ እንግዲህ። ሂጂ ቶርቲያሽን ጋግሪ።»

ሲፕሪያና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ ሆና ቀና ስትል ነው የማረሻውን ወፍራም ጫፍ ያየችው። አናስታሲዮ ሁልጊዜ ከምላሱ ነበር የሚጀምረው፤ ሲይዙት ወፍራሙ ጫፍ ገና እሳት አልገባም ነበር።

«ወፍራሙን ይሞክሩልኝ» አለች።

ሰሌኑ ብቅ አለ።

ዳኛው ጠጋ ብሎ አየው። «ብረቱን ውሰጂው። ፍርዱ ግን ተዘግቷል፤ ለሞተ ሰው መዝገብ አይከፈትም» አለ።

ጀርመናዊው ጫፉን እንድትሰጠው ለመናት፤ በአገሩ ቤተ መዘክር ለዘለዓለም እንደሚቀመጥ ማለላት። ለዘለዓለም መሆኑን ደግማ ጠየቀችው። ከዚያም ቤቷ ሄዳ፣ አናስታሲዮ በሥራው ሁሉ ላይ የወፍ እግር ምልክት ይመታበት የነበረውን ማተሚያ አመጣች።

«ዶኛ ሲፕሪያና፣ እባክዎ፣ መስመሩን ያበላሹታል።»

«ስምንት ዓመት የተበላሸው የማን ስም ነበር ታዲያ?» አለችና መሐሉ ላይ አድርጋ በመዶሻ መታችው።

የቤተ መዘክሩ መዝገብ የብረቱን ክብደት፣ የሺኪፒልኮንና የሰብሳቢውን ስም ይዟል። አናስታሲዮ የሚል የለበትም። የወፉን እግር ግን ሊፍቁት አልቻሉም፤ «ምንጩ ያልታወቀ ጉዳት» ብለው ጽፈውታል።