ያላሳለው በሽተኛ

ሟቹ፣ ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር፣ አሁንም ከምርመራው አልጋ ላይ ነው። ለናሙና ከሳንባው ቅንጣት ሥጋ ተወስዶ ሳያበቃ ትንፋሹ ቀረ። ማደንዘዣውን አብዝተሻል የተባለችው ነርስ ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች፤ ሊወስዷት ፖሊሶች ደረጃው ላይ ቆመዋል።

የፖሊስ መርማሪው ማንንም ቢጠይቅ ያው የሙሉና የከፊል ማደንዘዣ ክርክር ነው።

«ብያለሁ!» አለ የማደንዘዣ ባለሙያው። «ሙሉ ማደንዘዣ ቢሰጠው ማሽን ይተነፍስለት ነበር።»

«በዚያ ደካማ ልቡ?» የሳንባ ሐኪሙ ቱግ አለ። «በከፊል ማደንዘዣ ሰው ይፈዛል እንጂ ራሱን አይስትም። ሲጠሩት ይሰማል፣ በራሱ ይተነፍሳል።»

«ጌቶቼ፣ የትኛው ይሻላል አላልኩም!» መርማሪው በረጅሙ ተነፈሰ። «ሰውዬው እንዴት ሞተ ነው ያልኩት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ! ዶክተር፣ የናሙና መውሰጃው ቱቦ በጉሮሮው ሲገባ እንዴት ሆነ?»

«ዘው ነው ያለው። አንዴም አላሳለም» አለ ሐኪሙ፣ ኩራቱ ሳይለቀው።

መርማሪው ወደ ነርሷ ዞረ። «እህቴ፣ መርፌውን ስትወጊው ምን አለሽ?»

«ምንም። አባባ ብዬ ስጠራቸው ያንኮራፋሉ። በፍርሃት እንቅልፍ አጥተው አድረው ይሆናል ብዬ… ዶክተርም ቶሎ በይ አሉኝ። የታዘዘውን ብቻ ነው የሰጠሁት፣ እግዜር ያውቃል!»

መርማሪው የማደንዘዣውን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ አንስቶ አየ። ከታዘዘው በላይ ጠብታ አልጎደለም።

ኮሪደሩ ላይ የሟቹ ልጅ የአባቷን ኮት ታቅፋ ተቀምጣለች።

«ሙሉ በሙሉ አስተኙት ብዬ ለመንኳቸው፤ እንቢ አሉ» አለችው። «ደግነቱ ምንም አልተሰማውም።»

«ጠዋት ምን ቀመሰ?»

«ባዶ ሆዱን ነበር። አንድ ጉንጭ ውሃ ብቻ።»

መርማሪው ሁሉንም አልጋው ዙሪያ ሰበሰበ።

«በከፊል የደነዘዘ ሰው ጉሮሮው ሲነካ ትንሽም ቢሆን ያስላል፤ ይህ ግን አላሳለም። ነርሷ እንዳልጨመረች ብልቃጡ ይመሰክራል። ደግሞ ሳይወጋ በፊት ያንኮራፋ ነበር። እንቅልፉን ከቤት ይዞት ነው የመጣው። እህልም ውሃም የተከለከለ ሰው፣ አንድ ጉንጭ ውሃ ለምኑ?»

«ኪኒን ሊውጥበት» አለች ነርሷ፣ ሳታስበው።

ልጅቷ ኮቱን ፊቷ ላይ ደፋች። «የኔ የእንቅልፍ ኪኒን ነው። እናንተ በከፊል ስትሉ፣ የጎደለውን የሞላሁለት መሰለኝ።»

«ኪኒንና መርፌ ተደርቦ፣ ያለ ማሽን?» አለ ባለሙያው ቀስ ብሎ።

«ማን ነገረኝ?» ጮኸች። «ስትነታረኩ እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ዞር ብሎ ያስረዳኝ ማን አለ?»

አንደኛው ፖሊስ አንገቱን በበሩ አስገባ። «አለቃ፣ የምንወስደው የትኛዋን ነው?»

መርማሪው ወደ ፖሊሱ ዞረ። «ነርሷን ተዋት። ዶክተሩን ቃል እንዲሰጥ ይዘኸው ውረድ፤ የሚያንኮራፋ ሰው ሳይቀሰቅስ መርፌ አስወግቷል። ልጅቷም ቃሏን ትሰጣለች።»

«አሁኑኑ?»

«መጀመሪያ አባቷን ትሰናበት።»