የእሁድ ቁጥር

ማራኪ ሰፈር ውስጥ፣ ከዩኒቨርሲቲው አጥር ጀርባ ባለ አንድ ሰማያዊ በር ቤት፣ ዳኛው ነጋ የሚባል ደግ ሰው ይኖራል። ደግነቱን የሚያውቁት ብዙ ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ግን ጣቶቹን ነው። የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ከአንገቱ አይወርዱም። በሚሠራበት ሬጅስትራር ቢሮ የተማሪ ፋይል ሲፈልግ በግራው ያገላብጣል፤ ቀኙ አንገቱ ላይ ነው። ቅዳሴ ቆሞ ሕዝቡ አርባ አንድ እግዚኦታውን ሲያደርስ እሱ የልቡን ምት ይቆጥራል። ምን ያድርግ? ልቡ ትሮጣለች። ተቀምጦ መቶ ስምንት፣ ተኝቶ መቶ፣ ከሰው ጋር ሁለት ቃል ከተለዋወጠማ መቶ ሃያ። ሌላው ሰው ልብ እንዳለው ትዝ የሚለው ሲያፈቅር ወይም ሲደነግጥ ነው፤ ዳኛው ግን ልቡን ረስቶ የዋለበት ቀን የለም።

ሐኪም አላየውም እንዳትሉ። ሦስት ጊዜ ታይቷል። ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የልቡ ምት በወረቀት ወጥቷል፣ በአልትራሳውንድ ታይታለች፣ ደሙ ተመርምሯል፣ እንቅርት ይሆን ተብሎ አንገቱ ተዳስሷል። ትዕግሥተኛው ዶክተር ክንዱ ውጤቱን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ «አቶ ዳኛው፣ ልብዎ ፈጣን ናት እንጂ በሽተኛ አይደለችም። አንዳንዱ ሰው ሲፈጠርም እንዲህ ነው። ያስቸገረዎት ፍርሃትዎ ነው፤ ለሱ ደግሞ የሚያግዝዎ ባለሙያ አለ» ብሎት ነበር። ዳኛው እንዲህ በተባለ ቁጥር ሦስት ቀን ይደሰታል። ሥጋ ይገዛል፣ ከሚስቱ ከወይንሸት ጋር ይሳሳቃል፣ ልጁን ፅዮንን ትከሻው ላይ አውጥቶ ግቢውን ይዞራል። በአራተኛው ቀን ጣቶቹ ወደ አንገቱ ይመለሳሉ፤ ማሽኑ ተሳስቶ ቢሆንስ? ደረጃ መውጣት ተወ። ቡና ተወ። በመጨረሻ የተወለደበትን ኮሶዬን ተወ። ኮሶዬ ደጋ ነው፣ አየሩ ይከብዳል፣ ከአስፋልቱ እስከ እናት አባቱ ቤት ድረስ ደግሞ አንድ ቁልቁለትና አንድ ረጅም ዳገት አለ። «ዳገቱ መሐል ቀጥ ብትልብኝስ?» ይላል። እንዲህ እያለ እናቱን በዓይኑ ሳያይ አራት ዓመት አለፈ።

እናቱ ወይዘሮ አበቡ ግን አልተቀየሙም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውልላቸዋል። ሰላምታው እንዳለቀ፣ «ዛሬስ ስንት ገባ ልጄ?» ይሉታል፣ የገበያ ዋጋ እንደሚጠይቅ ሰው።

«መቶ አሥራ ሁለት፣ እማዬ።»

«ባለፈው መቶ አሥራ አራት አልነበር? ተመስገን፣ ወርዷል።»

ፊደል ያልቆጠሩ እናት የልጃቸውን የልብ ቁጥር ከሳምንት ሳምንት ይዘው ይከርማሉ። አገሩም ለምዶታል። ወንዝ ሲወርዱ ጎረቤቶቻቸው «የዳኛው ስንት ገባ?» ይሏቸዋል፤ ከመቶ አሥር በታች ከሆነ እልል የምትልም አትጠፋ። እንዲህ እየተሳቀ፣ እንዲህ እየተፈራ ስንት እሁድ አለፈ!

ከሁለት ዓመት በፊት በነሐሴ ዝናብ ወይዘሮ አበቡን ሳንባ ምች ያዛቸው። በአምስተኛው ቀን ዐረፉ።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ ያገራችንን ልማድ አስብ። መርዶ ለጤነኛ ሰው እንኳ የሚነገረው ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ፣ በብልሃት ነው። ለሕመምተኛ ደግሞ እስኪሻለው ይደበቃል። ዳኛው ስንት ዓመት ሙሉ «ልቤ አትችልም» ሲል ኖሯል፤ ዘመዶቹ አመኑት። አወቀ የሚባለው ታላቅ ወንድሙ፣ ሚስቱ ወይንሸት፣ አባቱ አያ ነጋ ዝም ለማለት ተማማሉ። ወይንሸት በምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሽንት ቤት ገብታ ታለቅስና፣ ቤት ስትደርስ «ዓይኔን አሞኝ ነው» ብላ ለጤነኛ ዓይኗ ጠብታ ታስጨምር ነበር፤ የሚጨምርላትም ዳኛው ራሱ ነው። እሁድ ሲደውል ስልኩን የሚያነሱት አባቱ ናቸው። «እናትህ ደባርቅ እህቷ ዘንድ ሄዳለች።» በሚቀጥለው እሁድ፣ «ጠበል ገብታለች፣ ስልክ አይፈቀድላትም።» ሽማግሌው ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንዳይሰበር የጋቢያቸውን ጫፍ ይነክሱ ነበር። ከዚያ ቀጥለው፣ «ስንት ገባ? ጠይቅልኝ ብላለች...» ይሉታል።

አርባቸው ወጥቶ አንድ ማለዳ ዘመዶቹ አንዲት ነርስና አንድ ጆግ ውኃ ይዘው ቤቱ ገቡ። ያን ጊዜ ተነገረው። ወደቀ? አልወደቀም። ልቡ ቆመች? አልቆመችም። ሐዘኑ ግን ከመውደቅ የባሰ ነበር። እናቱን አፈር ሳያለብስ፣ ሬሳቸውን ሳይሰናበት፣ አርባ ቀን ሙሉ ለሌሉ እናት ቁጥር ሲልክ ኖሯል። አባቱ ሊያቅፉት እጃቸውን ሲዘረጉ ወደ ኋላ አለና፣ «የእናቴን ቀብር የነፈጉኝ እርስዎ ነዎት። ከእንግዲህ አባት የለኝም» አላቸው።

አያ ነጋ አንገታቸውን ደፉ። የሚመልሱት ነበራቸው፤ አልመለሱም። ዱላቸውን አንስተው በመጀመሪያው መኪና ወደ ኮሶዬ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ዳኛው እሁድ የሚደውልለት ሰው አልነበረውም።

ባለፈው ጥር፣ አንድ እሁድ ጠዋት፣ ዳኛው ፀጉር ቤት ተቀምጦ ጺሙን ይላጫል። አንገቱ በሳሙና ስለተያዘ በፎጣው ሥር የእጁን አንጓ ይዞ ይቆጥራል። ወይንሸት ገና ሳይረፍድ «ጠዳ ለቅሶ ልደርስ ነው» ብላው ወጥታለች። ፀጉር አስተካካዩ የግራ ጉንጩን ጨርሶ ወደ ቀኙ ሲዞር፣ «ባለቤትህን አየኋት፣ ከወንድምህ ጋር የደባርቅ መኪና ላይ ሲሳፈሩ» አለው።

ጠዳ በባሕር ዳር መንገድ ነው። ደባርቅ በተቃራኒው፣ በኮሶዬ በኩል። ዳኛው ክው አለ። ወንድሙ ከተማ ገብቶ እሱን ሳያየው? ሚስቱስ ምነው ዋሸችው? ሰሞኑንስ እሱ ሲገባ ወሬው የሚቋረጠው ለምን ነበር? ፎጣውን ወርውሮ ወደ ቤቱ ሮጠና ፅዮንን ከጎረቤት አስጠራት። «እናትሽ የት ነው የሄደችው?»

የዘጠኝ ዓመቷ ልጅ መሬት መሬት አየች። «አባዬ፣ እንዳልነግርህ አስምለውኛል። ልብህን ያመዋል ብለው።»

መርዶ ከሰማባት ማለዳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአባቱን ስልክ ደወለ። ዝግ ነው። ይህን ሁሉ ያውቀዋል፤ ሹክሹክታውን፣ ውሸቱን፣ መሐላውን አንዴ ኖሮበታል። አባቱ ሞተዋል። ዛሬ እየተቀበሩ ነው። እሱ ዘንድ ደግሞ ከአርባ ቀን በኋላ ነርስ ይዘው ይመጣሉ።

«ዛሬስ አልቀርም» አለ።

ጣቱ ላይ እየሰካ የሚቆጥርባት ትንሿ መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ቀረች። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ፅዮንን መልሶ ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ፣ በግማሽ ጺሙ መኪና ውስጥ ገባ። ተሳፋሪው ለቅሶ እንደሚሄድ አይቶ ዝም አለ፤ ሹፌሩም ዘፈኑን ዘጋ። አጠገቡ የነበሩት መነኩሲት ጀርባውን እያሻሹ፣ «ማንህ ናቸው?» አሉት።

«አባቴ።»

«ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ሰባ አራት።»

«ጠግበው ነው የሄዱት ልጄ፣ ተጽናና።»

«እኔ ግን አልጠገብኳቸውም» አለ ዳኛው፤ ይህን ቃል ከአፉ ሲሰማ ራሱም ገረመው። እስከ ኮሶዬ ድረስ አለቀሰ፤ መነኩሲቷም አብረውት አለቀሱ።

ከአስፋልቱ ወርዶ ቁልቁለቱን ሮጠ። ጅረቷን ተሻገረ። ያን ስንት ዓመት የፈራውን ዳገት እየሮጠ ወጣው። ልቡ ስንት ገባች? ማን ቆጥሮ! አፋፉ ላይ ደርሶ የአባቱን ደጅ አየ፤ ዳስ ተጥሏል፣ ሰው ጢም ብሏል። «ወየው አባቴን! ዛሬም ሳትነግሩኝ!» ደረቱን እየደቃ ሰውን እየገፋ ዳሱ ውስጥ ገባ።

መሰንቆው ቆመ። በለቅሶ ቤት መሰንቆ ምን ይሠራል ብሎ ለማሰብ ፋታ አላገኘም። ፊት ለፊቱ አያ ነጋ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ ነጭ በነጭ ከለበሱ አንዲት አሮጊት አጠገብ ተቀምጠዋል። ለአሮጊቷ ሊያጎርሱ የጠቀለሉት ጉርሻ እጃቸው ላይ ቀርቷል።

«ማን ሞተ ልጄ?» አሉ ደንግጠው።

«እርስዎ» አለ ዳኛው።

ወይንሸት ከሴቶቹ መሐል ብድግ ብላ አፏን ያዘች። አያ ነጋ የልጃቸውን ፊት፣ አንዱ ጉንጩ የተላጨ አንዱ ጎፈሬ ሆኖ፣ እያገላበጡ አዩት። «እንግዲህ ግማሹ ለሠርጌ፣ ግማሹ ለለቅሶዬ መሆኑ ነው» አሉ። ሳቁ ዳሱን አናወጠው። መሰንቆ መቺውም ይቺን ግጥም ላድርጋት ብሎ ክሩን መታ ሲያደርግ ወንድምየው አወቀ ተቆጣው።

ሲረጋጋ ዳኛው ቁጭ አለና፣ «ምነው ሳይነግሩኝ?» አለ።

«ምን ብዬ? ብቻዬን ስበላ እህል አልወርድልኝ አለ፣ ሚስት አገባሁ ብዬ? ልብህን ፈራን» አሉ አያ ነጋ። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «ደግሞስ አባት የለኝም ብለህ የለ? ለማን ልጅ ልንገር...?»

ሽማግሌው ጉርሻውን ወደ መሶቡ መልሰው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «እንዲህ ሮጠህ እንደምትመጣልኝ ባውቅ ኖሮ፣ ድሮ በሞትኩ» አሉ። አባትና ልጅ ተቃቀፉ፤ ከዳሱ ውስጥ ዓይኑን ያላበሰ ሰው አልነበረም።

ይህን ጊዜ ሙሽሪት ተነሡ። የትነበርሽ ይባላሉ፤ የወይዘሮ አበቡ የአርባ ዓመት ጎረቤትና የማኅበር እህት ናቸው። «በሠርጌ ቀን አርፌ መቀመጥ ነበረብኝ» አሉ፤ «ግን ይቺን ነገር ከዛሬ ወዲያ አልሸከማትም። ዳኛው፣ እናትህ ስታርፍ ራሷን የያዝኩት እኔ ነኝ። ‹ለዳኛው እንዳትነግሩት፣ በኔ ሰበብ ልቡ እንዳይቆም። ማን አዘዘ ቢላችሁም ስሜን አታንሱ፣ ልጄ እንዳይቀየመኝ› ብላ ነው የሄደች። ይሄ ሽማግሌ ቃሏን ጠብቆ ነው እስካሁን ቅያሜህን የተሸከመው።»

ዳኛው አባቱ ጉልበት ላይ ተደፋ። አያ ነጋ ራሱን እየዳበሱ፣ «ተው፣ ተው፣ ያለፈ ነው» ይላሉ። እሜት የትነበርሽ ሊያነሡት ጎንበስ ብለው መዳፋቸው ደረቱ ላይ ሲያርፍ ግን ቀጥ አሉ። ከሩጫው ገና ያልበረደችው ልቡ መዳፋቸውን ትመታለች። ፊታቸው በፈገግታ በራ።

«አበቡ ናት ይቺ» አሉ። «እናትህ ቁጭ ብላ ጥጥ ስትፈትል እንኳ መስቀሏ አንገቷ ላይ ብቻውን ይዘል ነበር። ‹ምነው አንቺ፣ ልብሽ ወዴት ነው የሚሮጠው?› ስላት፣ ‹እንዲሁ ነው የፈጠረኝ› ትለኛለች። በዚችው ልብ ስድስት ወለደች። ይሄን ዳገት በእንስራ ወጣች። ሰባ አንድ ዓመት ኖረች፤ የገደላትም ብርድ ነው።»

ዳኛው ቀና አለ። «ስንት ነበር?»

«ምኑ?»

«የእማዬ። ስንት ይገባ ነበር?»

እሜት የትነበርሽ መዳፋቸውን ከደረቱ አነሡ። «የሷን ማን ቆጠረላት ልጄ» አሉ።

ስንት እሁድ! ስንት እሁድ ቁጥሩን ጠየቁት፤ እሱ አንድ እሁድ እንኳ የእሳቸውን ጠይቆ ያውቃል? ዳኛው ያን ቀን ሁለተኛ አለቀሰ፤ ይኸኛው ለቅሶ ግን ለእናቱ ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አባትና ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ፤ እሱም ዳገት ነው። ዳኛው ሳይቸኩል፣ አባቱን ደግፎ፣ ወይም አባቱ እሱን ደግፈው፣ እናቱ መቃብር ደረሰ። የቀረበትን እፍኝ አፈር አንስቶ አለበሳቸው። «እማዬ፣ ዛሬ አልቆጠርኩም» አላቸው።

የሰው ዕጣ እንዲህ ናት። አንዱ ሊቀብር ሄዶ ሠርግ ይበላል፤ አንዱ በፍቅር የደበቀው ነገር ቤት ያፈርሳል፤ አንዱ ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ነገር የእናቱ አደራ ሆኖ ደረቱ ውስጥ ይገኛል። ማን ያውቀዋል? ዳኛው ዛሬ ዶክተር ክንዱ የመራውን ባለሙያ በየሁለት ሳምንቱ ያያል። ጭራሽ ተወው ብዬ አልዋሻችሁም፤ አንዳንዴ ጣቶቹ አንገቱ ላይ ይወጣሉ፤ መቶ ስምንት ሲያገኝ ግን «ደህና ዋልሽ እማዬ» ብሎ ያወርዳቸዋል። ፀጉር አስተካካዩም የቀረችውን ጉንጭ በማግስቱ ላጭቶለታል።

እሁድ እሁድ ደግሞ ወደ ኮሶዬ ይደውላል። ስልኩን የሚያነሡት እሜት የትነበርሽ ናቸው፤ «ዛሬስ ስንት ገባ?» ይሉታል።

«መጀመሪያ የእርስዎን ይንገሩኝ» ይላል ዳኛው።

አሮጊቷ ባስተማራቸው መሠረት ሁለት ጣታቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው መቁጠር ይጀምራሉ፤ አያ ነጋም ከጎናቸው ሆነው ይሰማሉ። «ሃያ ድረስ ቆጥሬ ሰለቸኝ» ይሉታል ሁልጊዜ፤ «ሸጋ ነው፣ ይሄዳል።»