ሁለተኛው ሬዲዮ

ጉልላት ሞቶ የተገኘው በመናኸሪያ ክፍለ ከተማ ባለ አንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ፣ ከአንቴናው ምሰሶ ሥር ነው። ቀኝ መዳፉ ጠቁሯል፤ ጠዋት የጣለው ዝናብ ትቶት በሄደው ስስ ጭቃ ላይ በጀርባው ተዘርሯል። ቀድማ ያየችው ሮማን ነበረች። ጮኸች፤ ሰው ተሰበሰበ፤ ፖሊስ መጣ። እሷ ግን በዚያ ሁሉ ትርምስ መካከል ለራሷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ገደልኩት።»

ከጣሪያው ሥር ባለችው ቢሮ ሦስት ሆነው ይሠሩ ነበር፦ ሐሳቡን ያመነጨው ጉልላት፣ መሐንዲሷ ሮማን፣ ከመንግሥት ቢሮዎች ጋር የሚያገናኛቸው ሸሪካቸው በርናባስ። የሠሩት በሐይቁ ላይ ስልክ በማይሰማበት ቦታ አደጋ የደረሰበት አስጋሪ ድረሱልኝ የሚልበትን ሬዲዮ ነው። ምርምሩን ጨርሰው ለገበያ ለማቅረብ ለመንግሥት ድጋፍ እያመለከቱ ነበር፤ ማመልከቻው የሚዘጋውም ጉልላት በሞተበት በዚያው ቀን ነበር።

ባለፈው ወር ገምጋሚዎቹ ከአዲስ አበባ መጥተው ሙከራውን ሲያዩ መልእክቱ ሐይቁን ተሻገረ፤ አጨበጨቡ። ያልተነገራቸው ግን በበርናባስ ምክር ሮማን የሠራችው ሁለተኛ ሬዲዮ ምሰሶው ላይ ተደብቆ፣ ከከፍታው ሆኖ መልእክቱን እየተቀበለ ያሳልፍ እንደነበር ነው። ያለ እሱ ድምፁ የሐይቁን እኩሌታ እንኳ አያልፍም።

ጉልላት ይህን ያወቀው በሞተበት ቀን ጠዋት ነበር።

«ሬዲዮው ይሰማልኛል ብሎ የወጣ አስጋሪ ሲሰምጥ ማን ሊጠየቅ ነው?» አላቸው። «ወጥቼ አወርደዋለሁ። ለገምጋሚዎቹም እነግራለሁ።»

ኢንስፔክተር ጸሐይወርቅ ጠና ያሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት ናቸው። ምሰሶው ላይ የተጠመጠመ፣ ጫፉ የተላጠ የኤሌክትሪክ ገመድ አገኙ። ገመዱ በመስኮት ገብቶ ከቢሮው መደርደሪያ ጀርባ ሶኬት ላይ ተሰክቷል። ቁጢጥ ብለው ገመዱን በጣታቸው ብድግ አደረጉና ከሥሩ ያለውን ጭቃ አዩ። ከዚያ ሰዎቹን አንድ በአንድ ጠሩ።

«ገመዱን ከወር በፊት የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ ለአንቴናው ነው» አለ በርናባስ። «ዝናቡ ጎድቶት ይሆናል። እኔ ያን ሰዓት በከተማው ሌላ ጫፍ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር፣ ማተሚያ ቤት ነበርኩ።»

የሕንፃው ባለቤት ሐጂ አብዱልሃሚድ ምድር ቤት ጨርቅ ይሸጣሉ። «ምንም አላየሁም» ብለው አቀረቀሩ።

ሮማን ስትገባ ኢንስፔክተሯ ወንበር ሳቡላት።

«ዝናቡ እንዳባራ የሰፈሩ መብራት ጠፍቶ ነበር አሉ። ታዲያ ጉልላትን ምን ያዘው?»

ሮማን እጆቿን ጉልበቷ መካከል ቀበረች። «ጀነሬተር አስነሣሁ። ገና እንደተነሣ ከላይ አንድ ነገር ዱብ ሲል ሰማሁ። ላይ እንዳለ እያወቅሁ እንኳ ከማስነሣቴ በፊት አልተጣራሁም።»

«ማን አስነሺ አለሽ?»

«በርናባስ ደወለ። ‹ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ አሁኑኑ አስነሽና ማመልከቻውን ላኪ› አለኝ።»

«ምሰሶውን መጨረሻ የነካሽው መቼ ነው?»

«ባለፈው ሳምንት። የሁለተኛውን ሬዲዮ ባትሪ ልቀይር ወጥቼ።»

በማግስቱ ጠዋት ኢንስፔክተሯ ሦስቱንም ቢሮው ውስጥ ሰበሰቡ። ሁለት ፖሊሶች በሩ ላይ ቆመዋል።

«ጣሪያው በዝናብ ጭቃ ተሸፍኗል» ብለው ጀመሩ። «ገመዱ ግን ጭቃው ላይ ተኝቷል እንጂ ከላዩ ጭቃ አልለበሰም። ዝናቡ ካባራ በኋላ የተዘረጋ ነው ማለት ነው።»

«ንፋስ አንቀሳቅሶት ይሆናላ!» አለ በርናባስ።

«ይሁን። ሁለተኛው ሬዲዮ የሚሠራው በባትሪ ነው፤ ገመድ አያስፈልገውም። ደግሞስ ከወር በፊት ዘርግተኸው ቢሆን፣ ባለፈው ሳምንት መብራት እያለ ምሰሶውን የጨበጠችው ሮማን ዛሬ እዚህ ትቀመጥ ነበር?»

በርናባስ በሩ ላይ ወደቆሙት ፖሊሶች ተመለከተ።

«ስለዚህ የተዘረጋው መብራቱ ከጠፋ በኋላ፣ ጀነሬተሩ ከመነሣቱ በፊት ነው። ያኔ፣ ጎረቤቶች እንደነገሩኝ፣ ሮማን ምሳ ወጥታለች፤ ጉልላት መፍቻ ሊያመጣ ወርዷል። ቢሮው ውስጥ ማን ቀረ? አንተ። ከዚያ የቀረህ ጉልላት ምሰሶውን እስኪይዝ መጠበቅና ስልክ መደወል ብቻ ነው። ለዚህ ደግሞ ጣሪያው ከሚታይበት ቦታ መሆን አለብህ። ሐጂ፣ እርስዎ ዛሬም አላየሁም ይላሉ?»

ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ባጃጆቹ ጋ ቆሞ ነበር። ወደ ላይ እያየ ስልክ ያወራል። እኔ የሕንፃዬ ኤሌክትሪክ የገደለው መስሎኝ ለራሴ ፈራሁና ዝም አልኩ። አላህ ይቅር ይበለኝ።»

በርናባስ ብድግ አለ። «ሁላችንንም ሊያሳስረን ነበር እኮ! ሙከራውን ፈርሜ ያቀረብኩት እኔ ነኝ፣ የምያዘው እኔ ነኝ!» ወደ ሮማን ዞረ። «ያስነሣሽው ግን አንቺ ነሽ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ሮማን ከወንበሯ አልተነሣችም።

«እጅሽን ሳታውቂ ተጠቅሞበታል» አሏት ኢንስፔክተሯ። «በዚያ አትጠየቂም። ስለ ሙከራው ግን ትጠየቂያለሽ።»

«እሱን ተቀብያለሁ። ያልነገርኩዎት ሌላ ነገር አለ» አለች ሮማን። «ዱብ ያለውን ድምፅ ስሰማ ጉልላት እንደወደቀ ጠርጥሬ ነበር። ግን መጀመሪያ ማመልከቻውን ላክሁ። ተልኳል የሚል ምላሽ እስኪመጣ ድረስ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ ነው የወጣሁት።»

ኢንስፔክተሯ ማስታወሻቸውን ዘጉና «ለዚህ የምጽፈው ክስ የለኝም» አሏት።

ሮማን ከሰዓት በኋላ የሙከራው ውጤት ሐሰት መሆኑን ለገምጋሚዎቹ ጽፋ ማመልከቻውን ሰረዘች። ከዚያ በባጃጅ ወደ ለቅሶው ሄደች። የጉልላት እናት ወይዘሮ ሸዋዬ ድንኳኑ ውስጥ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። ሮማን ፊታቸው ተንበርክካ፣ ሲወደቅ ሰምታ መቆየቷን ሳትደብቅ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ያኔ ነፍሱ አልወጣችም ነበር?» አሉ።

«አላውቅም እማማ።»

እናትዬው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ጉልበታቸው ሰበሰቡ።

«ብትወጪ ብቻውን አይሆንም ነበር።»

«አዎ» አለች ሮማን።

ሂጂም አላሏት፣ ተቀመጪም አላሏት። ከጎናቸው ያሉት ሴቶች ትንሽ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት፤ እሷ ግን እዚያው በተንበረከከችበት ቀረች።