ቀለም የሌለው እስክሪብቶ

ድምቢጥ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቤታቸው በአንድ ጠባብ መንገድ ዳር፣ ፎቅ ላይ ነው። ዋናው ስሟ ሌላ ነው። ትንሽ ስለሆነችና አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማይሆንላት እናቷ ድምቢጥ አለቻት፤ በዚያው ቀረ። እዚህ መካከላችሁም አንድ ሁለት ድምቢጥ አያለሁ። ግድ የለም፣ ተቀመጡና ስሙኝ።

እናቷ ደራሲ ናት። ስለ እግዚአብሔር ፍቅር የሚናገሩ ልብ ወለዶች ትጽፋለች። ያን ዓመት ግን ዓይኗን ሞራ ጋረደው። ቀዶ ጥገናው እስኪደርስ ድረስ እሷ ትናገራለች፣ ድምቢጥ ትጽፋለች።

ከታሪኩ በፊት ሁልጊዜ ምስጋና ይጻፋል። ጠረጴዛውን የሠራው አናጢ፣ ወረቀት የሚሸጥላቸው ሽማግሌ፣ በመስኮት የሚገባው ብርሃን፣ ሁሉም በየተራ ይነሳሉ። ሲያልቅ እናት ወረቀቱን በጣቷ ዳሰስ ታደርገዋለች። እስክሪብቶው የተጫነበት ቦታ ሰርጎድ ሰርጎድ ሲላት መጻፉን ታውቃለች፣ ደስም ይላታል።

ድምቢጥን ግን ምስጋናው ይሰለቻት ነበር።

«እማ፣ አናጢውን ትናንት አመስግነነው የለ?»

«ዛሬም የምንጽፈው እሱው ጠረጴዛ ላይ ነው» አለቻት እናቷ።

አንድ ቀን ድምቢጥ መሳቢያ ውስጥ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ አገኘች። ምስጋናው ሲጀመር በእሱ ወረቀቱ ላይ ክብ ክብ ሠራች። ጫር፣ ጫር ይላል፤ ነገር ግን ፊደል የለም። እናቷ ዳሰሰችና «ጎበዝ» አለቻት። እንግዲህ ከዚያ ወዲያ ምስጋናው ሁሉ በዚያ እስክሪብቶ ሆነ። አያችሁ? ጥፋት ሲጀምር ትንሽ ነው።

እናቷ የመጽሐፉ መጨረሻ አልመጣ ብሏት ክረምቱን ሙሉ ስትጸልይ ከረመች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ መጣላት። ነገ ጠዋት የአሳታሚው መልእክተኛ ሊወስደው ይመጣል። ፊቷ በርቶ፣ እንባዋ እየወረደ መናገር ጀመረች። ከታች ደግሞ ልጆች ገመድ እየዘለሉ ድምቢጥን ይጠራሉ። ድምቢጥ ልቧ መንገድ ላይ ነበር። በደረቁ እስክሪብቶ ክብ ክብ ሠራች። «በኋላ አስታውሼ እጽፈዋለሁ» ብላ ራሷን ሸነገለችና እናቷ ተናግራ እንደጨረሰች ወረደች።

ብዙም ሳትጫወት ሰማዩ ጠቆረ። ልጆቹ እየተጠሩ አንድ በአንድ ገቡ። መንገዱ ጭር አለ። ድምቢጥ ደረጃውን እየወጣች መጨረሻውን ለማስታወስ ሞከረች። አንድም ቃል አልመጣላትም።

ያኔ ከላይ ድምፅ ሰማች። ጫር፣ ጫር።

በሩ ገርበብ ብሏል። ክፍሉ ደብዝዟል። እናቷ ጥግ ላይ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተንበርክካለች። ጠረጴዛው ጋ ማንም የለም። የድምቢጥ ወንበር ወደ ኋላ ተስቧል። ድምፁ የሚመጣው ግን ከዚያ ነው። ጫር ይላል፣ የሚያስብ ሰው እንደሚያደርገው ቆም ይላል፣ ደግሞ ጫር።

«ጌታዬ ተመስገን» ትላለች እናቷ። «ልጄ ጨዋታዋን ትታ መጥታ ለነገ አስተካክላ እየጻፈች ነው።»

ድምቢጥ ፀጉሯ ቆመ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። ውሸቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«እማ» አለች። የእስክሪብቶው ድምፅ ቀጥ አለ። «እኔ አይደለሁም። እኔ በሩ ላይ ነኝ።»

እናቷ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፤ ቀጥሎ ወደ ጠረጴዛው።

«ታዲያ ማን ነው?»

ማን እንደነበር እኔን አትጠይቁኝ፤ አላውቅም። ደግሞ ማታ ታናናሾቻችሁን እንዳታስፈራሩበት።

ድምቢጥ እያለቀሰች ሁሉንም ተናገረች። እናቷ ወረቀቶቹን በዝግታ ዳሰሰች። ክብ፣ ክብ ብቻ ነው።

«ክረምቱን ሙሉ የለመንኩት ነበር» አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። ወረቀቶቹን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ «ነይ ተቀመጪ፤ ቀለም ያለውን ያዢ። ከምስጋናው እንጀምራለን» አለቻት።

«ምን ቀረንና ነው የምናመሰግነው?»

«የጣልሽው እግዚአብሔር የሰጠኝን ነው። ሰጪውን አልጣልሽውም።»

ድምቢጥ መብራት አብርታ እየፈራች ተቀመጠች። ወንበሩ ሰው አሁን የተነሳበት ይመስል ይሞቃል። አናጢውን ጻፈች። ሽማግሌውን ጻፈች። የመስኮቱ ብርሃን ሄዶ ነበር፤ እሱንም ጻፈች። ከዚያ ሌላ መጨረሻ መጣ፤ በር ላይ ቆማ እውነቱን የምትናገር ልጅ ያለችበት። እናቷ የፊተኛው ይበልጥ ያምር እንደነበር አልደበቀቻትም። ጠዋት መልእክተኛው አዲሱን ወሰደ።

መጽሐፉ ሲታተም የእናቷ ዓይን ድኖ ነበር። የምስጋናውን ገጽ ራሷ አነበበችው። ከሁሉም በታች ድምቢጥ ለብቻዋ የጨመረችው አንድ መስመር አለ፤ «ወንበሬን ትቼ ስሄድ ለተቀመጠበት» ይላል።

ልጆች፣ እግዚአብሔርን ስናመሰግን ለሰው ጆሮ ብለን ሳይሆን ከልባችን እናመስግን።