ለወገኑ የጨከነ

መሐንዲሱን የወደድኩት አሳንሰር ተበላሽቶ ስድስት ፎቅ አብረን የወጣን ዕለት ነው። እኔ ቁና ቁና ስተነፍስ እሱ ያስቀኝ ነበር። የሰው አገር ሰው ነው፤ የመኖሪያ ፈቃዱም በሥራው ላይ የተንጠለጠለ። እኔ የዚያው መሥሪያ ቤት የስታቲስቲክስ ባለሙያ ስለሆንኩ «ቆጣሪዋ» ይለኛል። እሱ ሲለኝ ደስ ይለኛል።

ዘንድሮ አለቃችን ጠራኝ። «ተለማማጅ ስትመርጡ በዜግነት ታዳላላችሁ እየተባልን ነው። እስቲ መርምሪው።»

እኩል ውጤት ያላቸውን አመልካቾች፣ የአገሬውንና የውጪውን፣ ጎን ለጎን አስተያየሁ። የሌሎቹ መራጮች ሥራ ደህና ነው። በአንዱ መራጭ እጅ ግን ከአገሬው ልጆች ግማሾቹ ሲያልፉ፣ ከውጪዎቹ ያለፈ የለም ማለት ይቻላል። አጋጣሚ ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ፈተሽኩ። አጋጣሚ እንዲህ አይጨክንም። መራጩ የኔው መሐንዲስ ነበር፤ የወደቁት የውጪ ልጆች ደግሞ ከሱው አገር የመጡ።

«ምነው ያገርህን ልጆች ጣልካቸው?» አልኩት ምሳ ላይ።

ማንኪያውን ትኩር ብሎ አየ። «መጀመሪያ ላይ አንድ ያገሬን ልጅ መረጥኩ። ጎበዝ ነበር። ቢሮው በሙሉ ‹ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ› እያለ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ እጄ ፈራ።»

«የልጆቹ ጥፋት ምንድነው ታዲያ?»

«አንቺ ምን አለብሽ! ስትሳሳቺ ‹ተሳሳተች› ይሉሻል። እኔ ስሳሳት አገሬ ነው የምትሰደበው።» ማንኪያውን አስቀመጠ። «ለአለቃ ታቀርቢዋለሽ?»

«አቀርበዋለሁ።»

ግን ሥራው ከሄደ ፈቃዱ ይሄዳል፤ እሱም ይሄዳል።

ውጤቱን በማቀርብበት ስብሰባ ላይ ገና አፌን ሳልከፍት ተነሳ። «መራጩ እኔ ነኝ» አለ። አለቃችን የወደቁት ልጆች እንደገና እንዲታዩ አዘዘ፤ እሱን ግን አሰናበተው።

ኮሪደሩ ላይ ሮጬ ደረስኩበት።

«ሳትጠይቀኝ ልትሄድ ነው?»

«ምኑን?»

«በሞቴ፣ እንዳላወቀ አትሁን! ዓመት ሙሉ አፍህ ላይ እየደረሰ የምትውጠውን።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። «ባገባሽ ደስታዬ ነበር። ግን ዛሬ ብጠይቅሽ፣ ‹ለመኖሪያ ፈቃዱ ብሎ ነው› ይላሉ።»

«ይበሉዋ! እኔ አላልኩ!»

ራሱን ነቀነቀ። ልጆቹን ያስጣለው ይሉኝታ እኔንም አስጣለው። እጄን ሳም አድርጎ ሄደ።

የየቢሮው በር ተከፍቶ ሰው ሁሉ ያየኛል። እኔ ግን ማን ምን ይለኛል ሳልል፣ ኮሪደሩ መሃል ቆሜ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።